የመረጃ ዓይነት ልወጣ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥርና ስም በዲጂታል አገልግሎት ውስጥ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ሲለወጡ ሊደረግ ስለሚገባ ጥንቃቄ

1. መግቢያ

ማንኛውም ተገልጋይ የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲጠይቅ የሚሰጠው መረጃ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ መለወጡ አይቀርም። በቃል የተነገረው የትውልድ ቀን በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በወረቀት ላይ ያለው ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ በኮምፒውተር ያለው ደግሞ ወደ ውጭ አገር የዘመን አቆጣጠር፣ ወደ ላቲን ፊደል ወይም ወደ ሌላ ተቋም መዝገብ ይሸጋገራል። በእያንዳንዱ ሽግግር ውስጥ አንድ ሥራ ይከናወናል፤ ይኸውም የመረጃ ዓይነት ልወጣ ነው።

ልወጣው በትክክል ሲከናወን ማንም ልብ አይለውም። በስሕተት ሲከናወን ግን ጉዳቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ ሰነዱ ለፈተና፣ ለቅጥር፣ ለውርስ ወይም ለጡረታ በተፈለገበት ሰዓት ነው። ከጃናሞራ፣ ከበየዳ ወይም ከጠለምት ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር ከተማ ለሚመጣ ተገልጋይ አንዲት የተሳሳተች አኃዝ ማለት ረጅሙን የተራራ መንገድ እንደገና መመላለስ ማለት ናት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ልወጣ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሳሳትና ተገልጋዩ ሰነዱን ከመረከቡ በፊት ምን መመርመር እንደሚገባው ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

ለማብራሪያ የተመረጠው የፕሮግራም ቋንቋ ሊስፕ ነው። ምርጫው በሁለት ምክንያቶች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛ፣ ሊስፕ የመረጃ ዓይነቶችን ልዩነት በግልጽ የሚያሳይ ቋንቋ ነው። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ወደ ሌሎች አቆጣጠሮች የሚለውጡ በሰፊው የታወቁ ስሌቶች የተጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያጠኑ ወጣቶች እንዲሁም በየወረዳው ቅጽ የሚሞሉና መረጃ የሚያስገቡ ባለሙያዎች ምሳሌዎቹን ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። የሊስፕ ትእዛዞች እዚህ በፊደላችን የተጻፉት ለንባብ እንዲመቹ ነው።

2. የመረጃ ዓይነት ምንድን ነው?

ለሰው ዓይን «47» የተባለው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይመስላል። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል፤ ሊደመርና ሊባዛ የሚችል ሙሉ ቁጥር ወይም «4» እና «7» የተባሉ ሁለት ቁምፊዎች የተደረደሩበት ሕብረ ቁምፊ። ቁጥር መጠንን ይገልጻል፤ ሕብረ ቁምፊ ደግሞ የጽሑፉን መልክ ይይዛል።

ሊስፕን በ1958 እ.ኤ.አ. ያፈለቀው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ጆን ማካርቲ ነው። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ቅርንጫፉ ኮመን ሊስፕ በ1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። በዚህ ቋንቋ የዓይነቱ መለያ የሚገኘው በመረጃው በራሱ ላይ ነው፤ መረጃው ወደ የትም ቢሄድ መለያው አብሮት ይጓዛል። በሊስፕ ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥሙት ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

- ሙሉ ቁጥር፦ 47፣ 1990። በሊስፕ የአኃዙ ብዛት ገደብ የለውም።
- ክፍልፋይ፦ 1/3፣ 3/4። ሳይጠጋጋ እንዳለ ይቀመጣል።
- ዐሥርዮሽ ቁጥር፦ 0.33። በተወሰነ የአኃዝ ብዛት የተጠጋጋ ነው።
- ቁምፊ፦ አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «ጎ»።
- ሕብረ ቁምፊ፦ «ጎንደር»።
- ዝርዝር፦ በቅንፍ የተያዙ ተከታታይ ነገሮች፣ ለምሳሌ (1990 5 4)።

አንዱን ዓይነት ወደ ሌላው ለመለወጥ ቋንቋው ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተለየ ትእዛዝ አለው። «ፓርስ-ኢንቲጀር» የተባለው ሕብረ ቁምፊን አንብቦ ሙሉ ቁጥር ያወጣል። «ራይት-ቱ-ስትሪንግ» የተባለው ደግሞ ቁጥርን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል። «ኮኧርስ» የተባለው በባሕርያቸው የሚቀራረቡ ዓይነቶችን ይለዋውጣል፤ ለምሳሌ «ጎንደር» የሚለውን ሕብረ ቁምፊ ወደ ዝርዝር ቢለውጡት ጎ፣ ን፣ ደ፣ ር የተባሉ አራት ቁምፊዎች ይገኛሉ፤ መልሰው ቢያያይዙት ያው «ጎንደር» ይሆናል። ይሁን እንጂ ኮኧርስ «47» የተባለውን ጽሑፍ ወደ ቁጥር ለውጥ ቢባል አይለውጥም፤ ስሕተት መኖሩን አስታውቆ ይቆማል። ጽሑፍን እንደ ቁጥር ማንበብ የራሱ ደንብ ያለው ሌላ ሥራ ነውና።

ሦስት የልወጣ ውጤቶችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ምንም ሳይጎድል ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ልወጣ ነው። ሁለተኛው አልሆነም ብሎ የሚቆም ልወጣ ነው፤ ይህ ቢያስቸግርም አያሳስትም። ሦስተኛው ተሳክቶ የሚታይ ነገር ግን መረጃውን ያጎደለ ወይም ትርጉሙን የቀየረ ልወጣ ነው። በተገልጋይ ላይ ብርቱ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ሦስተኛው ነው።

3. ቁጥር የሚመስሉ ነገር ግን ቁጥር ያልሆኑ መረጃዎች

የመዝገብ ቁጥር «0047» ቢሆንና በፓርስ-ኢንቲጀር ቢለወጥ ውጤቱ 47 ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ «47» እንጂ «0047» አይሆንም፤ ከፊት የነበሩት ሁለት ዜሮዎች ጠፍተዋል። በ09 የሚጀምር የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥርም እንደ ቁጥር ከተያዘ የመጀመሪያውን ዜሮ ያጣል፤ ለተገልጋዩ ሊላክ የሚገባው የማረጋገጫ መልእክትም ላይደርስ ይችላል።

ረጅም የመታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቁጥሮችም ተመሳሳይ አደጋ አለባቸው። በሊስፕ ሙሉ ቁጥር የርዝመት ገደብ ስለሌለው አኃዝ አይጠፋም። በቢሮዎች የሚሠራባቸው የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ግን ብዙዎቹ የሚይዙት 15 ዋና አኃዞችን ነው፤ 16 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲገባ የመጨረሻዋ አኃዝ ወደ ዜሮ ልትለወጥ ትችላለች።

መለያ ደንቡ ቀላል ነው፤ «ይህን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር መደመር ትርጉም አለው?» ብሎ መጠየቅ። ሁለት የስልክ ቁጥሮችን መደመር ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ የስልክ፣ የመታወቂያ፣ የመዝገብና የቤት ቁጥር ሁሉ በጽሑፍነት ሊያዙ ይገባል።

4. የትውልድ ቀንና የዘመን አቆጣጠር

4.1 መለያ የሌለው ቀን

በሊስፕ አንድን ቀን (1990 5 4) ብሎ በዝርዝር ማስቀመጥ ይቻላል። ነገር ግን ዝርዝሩ የየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ አይናገርም። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥር 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1998 ነው። መዝጋቢው ወይም ሥርዓቱ እንደ እ.ኤ.አ. ቢያነበው ግን ሜይ 4 ቀን 1990 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ከ8 ወር ከ8 ቀን ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቀኖች ስለ ሆኑ ሥርዓቱ ስሕተት አለ ብሎ አይቆምም።

ሰውዬው በዚህ ምክንያት በመዝገብ ላይ ከእውነተኛ ዕድሜው በላይ ይሆናል፤ የዕድሜ ጣሪያ ያለበት ቅጥር ወይም የትምህርት ዕድል ያልፈዋል፤ ለጡረታም ያለ ጊዜው ይታሰባል። በተቃራኒው አንድ ጊዜ ወደ እ.ኤ.አ. የተለወጠ ቀን እንደ ኢትዮጵያ ቀን ተቆጥሮ ዳግመኛ ቢለወጥ ሰውዬው ከእውነተኛ ዕድሜው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል።

መፍትሔው መለያውን ከቀኑ ጋር አያይዞ መጻፍ ነው። በሊስፕ (ኢትዮጵያ 1990 5 4) ተብሎ የአቆጣጠሩ ስም በዝርዝሩ መጀመሪያ ሊገባ ይችላል። በወረቀት ላይ ይህን ተግባር የሚፈጽሙልን ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የተባሉት አጽሕሮተ ቃላት ናቸው። በተገልጋዩ ቅጽ ላይ እነዚህን መዝለል መለያ የሌለው መረጃ እንደ መላክ ይቆጠራል። ወሩን በስም መጻፍም ሁለተኛ ዋስትና ነው፤ «ጥር» የተባለውን ማንም «ሜይ» ብሎ አያነበውም።

4.2 የልወጣው ስሌት

ናሑም ደርሾዊትዝና ኤድዋርድ ሬይንጎልድ የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቃውንት የዓለምን ልዩ ልዩ የዘመን አቆጣጠሮች የሚለውጡ ስሌቶችን በ1990 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመጽሐፍ አቅርበዋል። የመጽሐፉ ስሌቶች የተጻፉት በኮመን ሊስፕ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከእነዚህ አንዱ ነው። ኢማክስ የተባለው ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራምም በሊስፕ የተጻፈ የቀን መቁጠሪያ ስላለው፣ የማንኛውንም ዕለት የኢትዮጵያ ቀን ያሳያል።

የስሌቱ ዋና ሐሳብ እያንዳንዱን አቆጣጠር በቀጥታ ወደ ሌላው ከመለወጥ ይልቅ መጀመሪያ ወደ አንድ የጋራ ተራ ቁጥር መለወጥ ነው። ተራ ቁጥሩ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1ኛው ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ዕለታትን አንድ በአንድ የሚቆጥር ሙሉ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ቀን ወደዚህ ተራ ቁጥር የሚለወጠው እንደሚከተለው ነው።

ተራ ቁጥር = 2795 + 365 × (ዓመት − 1) + የዓመት አንድ አራተኛ (ቀሪው ተትቶ) + 30 × (ወር − 1) + ቀን

ለምሳሌ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሰላ፦ 365 × 2016 = 735,840፤ 2017 ለ4 ሲካፈል 504 (ቀሪው ተትቶ)፤ 30 × 4 = 120፤ ቀኑ 11። ድምሩ 2795 + 735,840 + 504 + 120 + 11 = 739,270 ነው። ይህ ተራ ቁጥር በእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው። ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ ስሌት 738,905 ይሆናል፤ ይህም ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው።

ጎንደር የጥምቀትን በዓል በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ስታከብር ከውጭ የሚመጣ እንግዳ በአንዳንድ ዓመት በ19፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ በ20 እንዲገኝ የሚነገረው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ቀን አልተለወጠም፤ የተለወጠው የልወጣው ውጤት ነው።

4.3 ጳጉሜን 6 እና የወንጌላውያን ዘመን

ጳጉሜን በሦስት ተከታታይ ዓመታት 5 ቀን፣ በአራተኛው 6 ቀን ትሆናለች። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪው 1 ሲሆን ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ዘመነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዘመነ ዮሐንስ ይሉታል። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። በዚህም ምክንያት የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12፣ የሌሎቹ ዘመናት ደግሞ በሴፕቴምበር 11 ይውላል። የሊስፕ ፕሮግራም «ሞድ» በተባለው ትእዛዝ የሚያሰላው ቀሪ ሊቃውንቱ በቃል ከሚያወጡት ቀሪ ጋር አንድ ነው።

2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረው፤ በእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። በዚያ ዕለት የተወለደ ሕፃን ቀኑ «የለም» ተብሎ በሥርዓት ተቀባይነት ቢያጣ ወላጆቹ ወደ ጳጉሜን 5 ወይም ወደ መስከረም 1 እንዲዛወር መስማማት የለባቸውም። መስከረም 1 ቢባል የልደት ዓመቱ ጭምር ከ2015 ወደ 2016 ይለወጣልና። እንዲሁም ጳጉሜን 13ኛ ወር በመሆኗ 12 ወር ብቻ የሚቀበል ቅጽ አይቀበላትም።

የቀኖች ብዛት መቁጠርም በተራ ቁጥር ሲሠራ ከስሕተት ይጠበቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተራ ቁጥሩ 738,774 ነው፤ 90 ሲደመርበት 738,864 ይሆናል፤ ይህም ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።

4.4 ዓመት ብቻ የተጻፈባቸውና የቆዩ ሰነዶች

ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻ ከተማ ሆና እንደ ተቆረቆረች ይጻፋል። ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው? ወሩ ካልታወቀ መልሱ አንድ አይደለም፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ጊዜ ከሆነ 8 ተቀንሶ 1628፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ከሆነ 7 ተቀንሶ 1629 ይሆናል። የጥምቀት በዓል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ የሰፈረው በዲሴምበር 2019 እ.ኤ.አ. በመሆኑ ግን ወሩ ስለ ታወቀ ያለ ጥርጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዓመት ብቻ የያዘ ሰነድ ያለው ተገልጋይ ወሩን የሚያስረዳ ተጨማሪ ማስረጃ ይዞ ቢቀርብ መልካም ነው።

የቆዩ ሰነዶችን በዛሬው ልዩነት መለወጥም ያሳስታል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው በማርች 2 ነው። ምክንያቱም የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን ሳያደርግ ሲያልፍ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜንን 6 ማድረጉን ስላላቋረጠ ነው። በአንቀጽ 4.2 የተመለከተው ስሌት ሁለቱንም ዘመናት በትክክል ይለውጣል።

5. የግዕዝ ቁጥሮች

በአብያተ ክርስቲያናት መዛግብት፣ በቆዩ የውርስና የስጦታ ጽሑፎች እንዲሁም በመቃብር ድንጋዮች ላይ ቁጥር በግዕዝ ተጽፎ ይገኛል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ አኃዙም እንደ ቆመበት ቦታ ዋጋው አይለዋወጥም። ፓርስ-ኢንቲጀር ግን የሚያነበው አኃዞችን በቦታቸው ዋጋ እየሰጠ ነው። ስለዚህ የግዕዝ ቁጥርን ለመለወጥ የራሱ ደንብ ያለው ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል።

ደንቡ እስከ 9,999 ላለው ቁጥር የሚከተለው ነው። ፻ የተባለውን ምልክት ይፈልጉ፤ ከፊቱ ያሉትን ደምረው በ100 ያባዙ፤ ከኋላው ያሉትን ደምረው ይጨምሩ። ከ፻ ፊት ምንም ከሌለ አንድ እንዳለ ይቆጠራል። ለምሳሌ፦

- ፲፱፻፺ = (10 + 9) × 100 + 90 = 1990
- ፳፻፲፯ = 20 × 100 + 10 + 7 = 2017
- ፻፳፭ = 1 × 100 + 20 + 5 = 125

ደንቡን ሳይከተሉ ምልክቶቹን ብቻ ቢደምሩ ፲፱፻፺ 209 ይሆናል፤ ዋጋቸውን እንደ ጽሑፍ ቢደረድሩ ደግሞ 10910090 ይሆናል። ሁለቱም ዓመተ ምሕረት አይደሉም። የግዕዝ ቁጥር ያለበት ሰነድ የሚያቀርብ ተገልጋይ በዘመናዊ አኃዝ የተጻፈ ግልባጭ ከዋናው ጋር አያይዞ ቢያቀርብና ሁለቱ መመሳከራቸውን ቢያረጋግጥ ይመረጣል።

6. ሰዓት

በእኛ አቆጣጠር የቀኑ ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱ ሰዓት ከምሽት ይጀምራል፤ በሥርዓቶች ላይ ያለው ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ልወጣው እንደሚከተለው ነው።

- ከጠዋቱ 1:00 እስከ ምሽቱ 12:59፦ 6 ይደመራል። ከጠዋቱ 2:30 በባለ 24 ሰዓት 8:30 ነው፤ ከቀኑ 7:30 ደግሞ 13:30 ነው።
- ከምሽቱ 1:00 እስከ 5:59፦ 18 ይደመራል። ከምሽቱ 2:00 በባለ 24 ሰዓት 20:00 ነው።
- ከሌሊቱ 6:00 እስከ ንጋቱ 12:59፦ 6 ይቀነሳል። ከሌሊቱ 8:00 በባለ 24 ሰዓት 2:00 ነው።

«2:30» ብቻ ተብሎ የተሞላ ቀጠሮ ጠዋት ይሁን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሥርዓቱ መለየት አይችልም። ከጎንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ መንገደኛም በትኬቱ ላይ 7:30 ተብሎ የተጻፈውን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ብሎ ቢረዳው አውሮፕላኑ ካለፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል።

ሌሊት የሚፈጸሙ ኩነቶች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ሕፃኑ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ተወለደ ሲባል በባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ዕለቱ ረቡዕ 2:00 ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ብቻ ቢባል ግን መዝጋቢው የፊተኛውን ዕለት ሊይዝ ይችላል። አጥቢያውን መጥቀስ የተለመደ አነጋገር ብቻ ሳይሆን ለምዝገባው የሚያስፈልግ መረጃ ነው።

7. ክፍልፋይ፣ ዐሥርዮሽና የመሬት መጠን

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች አንድ ሄክታር መሬት እኩል ቢካፈሉ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 1/3 ነው። በሊስፕ 1 ለ3 ሲካፈል ውጤቱ 1/3 ሆኖ ይቀመጣል፤ በ3 ሲባዛም መልሶ 1 ይሆናል። ድርሻው 0.33 ተብሎ ወደ ዐሥርዮሽ ከተለወጠ ግን የሦስቱ ድምር 0.99 ሄክታር ነው። የጎደለው 0.01 ሄክታር 100 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ በማን ስም እንዳለ በመዝገብ አይታወቅም። የድንበር ክርክር ሲነሣ ይህ ቁራሽ መሬት የጠብ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ድርሻ በሰነድ ላይ «አንድ ሦስተኛ» ተብሎ በክፍልፋይ ሊጻፍ ይገባል፤ የካሬ ሜትሩ መጠን ከዚያ ቀጥሎ ይሰፍራል። ጥማድን ወደ ሄክታር መለወጥም እንዲሁ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት በመሆኑ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ይለያያል፤ ሩብ ሄክታር ተብሎ የሚወሰደውም በግምት ነው። በደጋው ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ በልኬት እንጂ በጥማድ ስሌት ወደ ሄክታር ተለውጦ በደብተር ላይ እንዳይሰፍር መጠየቅ የባለ ይዞታው መብትና ኃላፊነት ነው።

የተጠቀሰው የክፍልፋይ ጥቅም በአግባቡ ካልተያዘ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በሊስፕ «ሪድ-ፍሮም-ስትሪንግ» የተባለው ትእዛዝ «10/8» የተባለውን ጽሑፍ ሲያነብ እንደ ክፍልፋይ ይቆጥረውና ወደ 5/4 ያቃልለዋል። የጻፈው ሰው ግን ሚያዝያ 10 ማለቱ ከሆነ ቀኑ ታኅሣሥ 5 የሚመስል ሌላ ነገር ሆኗል፤ ከ5/4 ተነሥቶም ወደ 10/8 መመለስ አይቻልም። የፕሮግራም ባለሙያዎች ከተገልጋይ የመጣን ጽሑፍ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳይወስኑ በዚህ ዓይነት አጠቃላይ ትእዛዝ እንዳያነቡ ይመከራል።

8. ስምና ፊደል

ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በመለያ ቁጥር ይይዘዋል። በሊስፕ «ቻር-ኮድ» የተባለው ትእዛዝ ፊደልን ወደ ቁጥሩ፣ «ኮድ-ቻር» የተባለው ደግሞ ቁጥሩን ወደ ፊደል ይለውጣል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም መለያ ቁጥራቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ «ኃይሌ» እና «ሃይሌ» እኩል ናቸውን ተብሎ ሲጠየቅ ሊስፕ «ኒል» ብሎ ይመልሳል፤ ትርጉሙም «አይደሉም» ማለት ነው። «ገብረ መድኅን» እና «ገብረመድኅን» ባለው ክፍተት ምክንያት ይለያያሉ።

የውርስ፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃዎች እርስ በርሳቸው ሲመሳከሩ ይህ ልዩነት አንዱን ሰው ሁለት ሰው ሊያስመስለው ይችላል። ሥርዓቶች ሲፈልጉ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ወካይ ለውጠው እንዲያነጻጽሩ ማድረግ ይቻላል፤ የሚቀመጠው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ሆኖ መቆየት አለበት። ወካዩ ፊደል ዋናውን ከተካው የቀድሞውን አጻጻፍ መልሶ ማግኘት አይቻልምና።

ወደ ላቲን ፊደል የሚደረገው ልወጣ ደግሞ የሚመለስ አይደለም። ላቲን የጠ፣ የጨ፣ የጰና የጸ ድምፆች የሚገለጹባቸው የራሱ ፊደላት ስለሌሉት የተለያዩ ድምፆች በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ መጥበቅና መላላትም ላይለይ ይችላል። ስለዚህ ተገልጋዩ በመጀመሪያው ሰነዱ ላይ የተጠቀመበትን የላቲን አጻጻፍ መዝግቦ ይዞ በሌሎች ሰነዶችም ላይ ያንኑ ፊደል በፊደል እንዲጠቀም ይመከራል።

9. ሰነድ ከመረከብዎ በፊት

ተገልጋዮች ሰነዱን ከመፈረማቸውና ከመረከባቸው በፊት የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይጠየቃሉ።

1. እያንዳንዱ ቀን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል መለያ ያለው መሆኑን፤ ወሩም በስም መጻፉን።
2. ሁለቱም ቀኖች በሰነዱ ላይ ካሉ፣ በአንቀጽ 4.2 ስሌት ተመሳክረው አንድ ዕለት የሚያመለክቱ መሆናቸውን።
3. የተለወጠው ቀን ዳግመኛ ያልተለወጠ መሆኑን፤ ይኸውም በሰነዱ ላይ ያለው ዕድሜ ከእውነተኛው ዕድሜ ጋር መስማማቱን።
4. የስልክ፣ የመታወቂያና የመዝገብ ቁጥሮች ከፊት ያለውን ዜሮና የመጨረሻዋን አኃዝ ጨምሮ የተሟሉ መሆናቸውን።
5. ሰዓት ከተጠቀሰ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት ወይም ሌሊት መባሉን፤ ለሌሊት ኩነትም አጥቢያው መጠቀሱን።
6. ድርሻ በክፍልፋይ፣ የመሬት መጠን በልኬት መስፈሩንና የድርሻዎች ድምር ከጠቅላላው ጋር እኩል መሆኑን።
7. ስም በአማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል ከቀድሞ ሰነድ ጋር በፊደልና በክፍተት አንድ መሆኑን።

ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይናቸው የደከመ ተገልጋዮች መዝጋቢው የሞላውን እያንዳንዱን መረጃ በድምፅ እንዲያነብላቸው ሊጠይቁ ይገባል። ስሕተት በዚያው በመስኮቱ ሲገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይታረማል። ሰነዱ ወደ ሌሎች ተቋማት መዝገብ ከተላለፈ በኋላ ሲገኝ ግን ማስረጃ ማቅረብና በየተቋሙ መመላለስን ያስከትላል። በመሆኑም የመጀመሪያውን ሰነድ ዋናውን ቅጂ፣ ለልወጣው መነሻ የሆነውን የኢትዮጵያ ቀንና በፊደላችን የተጻፈውን ስም ሳይለወጡ ጠብቆ ማቆየት ያስፈልጋል።